ዓባይ በረሃ ከመውረድ በፊት፦ የሚያፈላና አልነሳ የሚል አሮጌ መኪና እንዴት ይመረመራል

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ ቤንዚን መኪኖች ቴርሞስታት (ውሃው በራዲያተሩ በኩል እንዲዞር እንደ ሙቀቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን በትክክል ከያዘ፣ ያው ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ያሳጣል። ቆላ ላይ ብዙ ቀን ሳይታወቅ የሚከርም የክዳን ብልሽት፣ ደጀን ወይም እንጅባራ ላይ በአንድ ዳገት ይጋለጣል።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ባፈላ ቁጥር «ቴስታታ ይውረድ» (የሞተሩ የላይኛው ክፍል ይፈታ) ከመባሉ በፊት፣ ከርካሹ ዕቃ ጀምሮ በቅደም ተከተል መፈተሽ ያስፈልጋል። ቴስታታ ማውረድ አዲስ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሐል የሚገባ ማሸጊያ)፣ የቴስታታ ማስተካከያ ሥራና የቀናት ጊዜ ይጠይቃል። ክዳን መቀየር ደቂቃ አይፈጅም።

መቼ ነው የሚሞቀው?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ኮፈን መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።

ቆሞ ወይም በቀስታ ሲሄድ እየሞቀ፣ መንገድ ላይ ነፋስ ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ ችግሩ ቬንቲሌተሩ (ራዲያተሩን የሚያናፍሰው ፋን) ላይ ነው። በሜዳ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ክዳኑ ግፊት አይዝም፣ ወይም የታችኛው የውሃ ጎማ እየተጣበቀ ነው። በተነሳ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የትም ቦታ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ውሃ ጎድሏል፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም የውሃ ፖምፓው አይገፋም። መኪናው እየሞቀ የውስጥ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውሃ መጉደል ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ ማታ አድሮ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ትኩስ ራዲያተር ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በድንገት ስለሚለቅ፣ ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። በጨርቅም ቢሆን አትክፈቱት።

1. ክዳኑን አውጥታችሁ ላስቲኩን እዩ። ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ ጠልቆ ከታተመበት ቀይሩት። መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍር ሳብ አድርጋችሁ ልቀቋት፤ ተመልሳ መግጠም አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲበርድ ከመጠባበቂያው ጎድጓዳ ዕቃ ውሃ መልሶ መሳብ አይችልም። ምልክቱም የላይኛው የውሃ ጎማ ጠዋት ተጨማዶ መገኘቱ ነው። አዲስ ስትገዙ በአሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር አስተያዩ። ከፍ ያለ ቁጥር መግዛት መፍትሔ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ያረጀ ራዲያተርና ያረጀ ጎማ ትርፍ ግፊት አይችሉም።

2. ውሃው እስከ አፍ ድረስ መሆኑን እዩ። ዝገት የመሰለ ቡና ቀለም ካለው ራዲያተሩ ውስጥ ደለል አለ ማለት ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ለጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሳያቋርጥ ትንንሽ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ይህ የጓርኒሲዮን ምልክት ነው። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር መኖሩ፣ የትም ሳይፈስ ውሃ መጉደሉ፣ ከአራቱ ካንዴላዎች (ብልጭታ ሰጪዎች) አንዱ ታጥቦ መንጻቱ ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ቴስታታውን ለጊዜው ተዉት።

3. የታችኛውን ጎማ አንድ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ እያያችሁ ፈትሹ። ሞተሩ ጮክ ሲል ጎማው ወደ ውስጥ ከተጣበቀ ፖምፓው ውሃ እየሳበ ጎማው ግን መንገዱን እየዘጋ ነው። ብዙዎቹ ጎማዎች በውስጣቸው ስፕሪንግ ነበራቸው፤ ሲቀየሩ ይረሳል። ዳገት ላይ ብቻ የሚመጣ ሙቀት ብዙ ሰው ሳያውቀው ከዚህ ይነሳል።

4. ቬንቲሌተር። በቺንጋ (በቀበቶ) የሚዞር ከሆነ ቺንጋውን በሁለቱ ፑሊዎች መሐል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ጫኑት፤ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል። በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ የቬንቲሌተሩን የሙቀት ማብሪያ ሶኬት ንቀሉ። በብዙ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ቶዮታ ኮሮላዎች ሶኬቱ ሲነቀል ቬንቲሌተሩ ወዲያው መዞር አለበት። ከዞረ የቬንቲሌተሩ ሞተር፣ ሪሌውና ፊውዙ ደህና ናቸው፤ የተበላሸው ማብሪያው ነው። ካልዞረ ፊውዙን፣ ከዚያ ሪሌውን፣ በመጨረሻ ቬንቲሌተሩን በቀጥታ ከባትሪ ጋር በማገናኘት ሞክሩ።

5. ራዲያተሩን ከውጭ እዩት። በመኸር ወቅት በብቸናና በሞጣ መንገድ የሚመላለስ መኪና ራዲያተሩ በአቧራ፣ በነፍሳትና በገለባ ይደፈናል። ውሃ ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት ይረጫል እንጂ ከፊት አይደለም፤ ከፊት ከተረጨ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ውሃ ስሱን የራዲያተር ክንፍ ስለሚያጣጥፍ አይጠቀሙበትም። የውስጡን ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋና ቬንቲሌተሩ ከቆመ በኋላ መዳፋችሁን በራዲያተሩ ፊት አሳልፉ። ቀዝቃዛ ሆኖ የሚገኝ ቦታ ውሃ የማያልፍበት ነው።

ቴርሞስታቱን የሚፈትሹት ውሃ ውስጥ አጥልቀው በማፍላት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ደጋ ላይ ያለ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የ82 ዲግሪ ቴርሞስታት መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የድስቱ ውሃ 92 ላይ ፈልቶ ስለሚቆም ሙሉ መከፈቱን ማየት አይቻልም። 88 የተጻፈበትማ በጭንቅ ነው ስንጥቅ የሚያሳየው። እሱን ተበላሽቷል ብሎ መጣል ደህና ዕቃ መጣል ነው። ሲፈላ መንቀሳቀሱንና ሲበርድ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን ካያችሁ ይሠራል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መንዳት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ እኛ አንመክርም። ሞተሩ የሚፈለገውን ሙቀት ሳያገኝ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት በጀርባው ያለች ሰሃን አቋራጩን የውሃ መንገድ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ውሃውም ራዲያተሩን ሳይነካ ሞተሩ ውስጥ ይመላለሳል። እንዲበርድ ተብሎ የተሠራው መኪና ዳገት ላይ ይብስበታል።

የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ኖራ አለው፤ ራዲያተር የሚደፍነውም እሱ ነው። ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ይሞላል። የተጣራ ውሃ ከጠፋ በንጹህ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጉድጓዱ ይሻላል።

ጠዋት አልነሳ ሲል

ከጮቄ ተራራ በሚወርደው ብርድ ባትሪ ይደክማል፣ ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሪኖም (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ይከብደዋል። ይሁን እንጂ ለብርድ የሚሰጠው ጥፋት አብዛኛው የባትሪ ማሰሪያ ጥፋት ነው። አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት አንድ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) በቂ ነው።

መኪናው አድሮ ሳይነሳ ባትሪውን ለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሰው እንዲያስነሳ አድርጋችሁ ሞተሪኖው ሲዞር ድጋሚ አንብቡ። ሙሉ የነበረው ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አርጅቷል።

ቮልቱ ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ከደከመ፣ ቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ምሰሶ ራሱ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ አድርጋችሁ አስነሱ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ነጌቲቭ ገመዱ ወይም ከሞተርና ከቦዲ ጋር የታሰረበት ቦታ ዝጓል። በፖዚቲቩ በኩል ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ቡሎን ድረስ እስከ 0.5 ይፈቀዳል። የዛገውን ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ። ምሰሶው ላይ ያበበው ነጭ ዱቄት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ ሲፈስበት ይለቃል፤ ወደ ባትሪው ሴል ግን እንዳይገባ።

ቴስተር የሌለው የፊት መብራት አብርቶ ያስነሳ። መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደበዘዘ ባትሪ ወይም ማሰሪያ ነው። መብራቱ እንደደመቀ አንድ ጊዜ «ጣ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ነው። በአሮጌ ቶዮታ ላይ ይህ ድምፅ በጣም የታወቀ ነው፦ በሞተሪኖው ውስጥ ያሉ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች በልተው ስላለቁ ኤሌክትሪኩ አያልፍም። ኮንታክቶቹ ብቻ ተለይተው ይቀየራሉ፤ ሞተሪኖውን በሙሉ መግዛት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና ማሞቂያ ተከፍተው ከ13.5 በታች ከወረደ መጀመሪያ ቺንጋውን፣ ቀጥሎ የዲናሞውን ሶኬት፣ ከዚያ ካርቦኖቹን እዩ። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ሞቷል፤ ባትሪውን አፍልቶ ያደርቀዋል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» ማለት ፈጽሞ መቅረት አለበት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘላል፣ ዳዮዱንና ሬጉላተሩን ያቃጥላል፤ ኮምፒውተር ባለው መኪና ደግሞ ኮምፒውተሩን ይዞ ይሄዳል።

ሲከፈት ውሃው የሚታይ ባትሪ ከሆነ ውሃው ፕሌቱን (በውስጡ ያለውን የእርሳስ ሰሌዳ) በ10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍን። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ አሲድ አይጨመርም።

በረሃው

ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ ዳገቱ ሙቀትን ይፈትናል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ወደ 140 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲፈላ በፍሬን መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ስለዚህ ጠቁሮ ከታየ ወይም ሁለት ዓመት ካለፈው ሙሉ በሙሉ ተፈስሶ ይቀየር። የፍሬኑ ሸራ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አትውረዱ። የፍሬን ማገዣው በአየር ግፊት ስለሚሠራ ደጋ ላይ የሚሰጠው እገዛ ከቆላው ያነሰ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ ደግሞ ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ምንም አይሰጥም። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ ፎሌ (ነጻ) አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ሰው የሚገድለው ለዚህ ነው። ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱንም መውረድ፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ አጭር ረግጦ መልቀቅ።

ካርቡራቶር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው መኪና በዓባይ ድልድይ አጠገብ ቆሞ ከሄደ በኋላ ዳገቱ ላይ እየተንተባተበ ቢጠፋና የሙቀት መለኪያው ግን መሐል ላይ ቢሆን፣ ችግሩ የውሃ አይደለም። ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ ተንኖ ፖምፓው እንፋሎት እየሳበ ነው። የቤንዚን ፖምፓውንና ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ የሚያልፍ ቱቦ ካለ ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከዚህ በተረፈ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላዎቹ ደረቅ ጥቀርሻ ለብሰው ከተገኙ ካርቡራቶሩ ለከፍታው እንዲስተካከል አድርጉ።

ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ከመሐል ማለፍ ከጀመረ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ያገለግላል። ማርሽ ቀንሱ። አሁንም ከጨመረ መኪናውን ጥግ አስይዛችሁ አቁሙ፣ ጎማውን በድንጋይ ያዙ። ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ክዳኑን አትንኩ። ውሃ የሚጨመረው ከበረደ በኋላ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደህና የነበረውን ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ደህና ከወጣችሁም ጫፍ ላይ ደርሳችሁ ወዲያው አታጥፉት፤ ውሃው መዞር ሲያቆም በቴስታታው ዙሪያ ያለው ሙቀት ይጨምራል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ባለበት እንዲሠራ ተዉት፣ ከዚያ ከታች ጎንበስ ብላችሁ የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩን እዩ።