ትልልቅ ሰዎችን ፊደል ለማስቆጠር ለተነሳችሁ

ሰፈራችሁ ውስጥ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች በነፃ ልታስተምሩ ከሆነ ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የፊደል ገበታ ሰቅላችሁ ከ«ሀ» አትጀምሩ። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ቀኑን ሙሉ ጉልት ላይ ስትሸጥ ወይም ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ይህን ሁሉ በቃሏ እስክትይዝ ድረስ የሚጠቅማትን አንዲት ቃል እንኳን ሳታነብ ትሰለችና ትቀራለች። ገበታው ይቆይ። ከቃል ጀምሩ፣ ያውም አፋቸው ላይ ካለ ቃል።

እኔ የምወደው አጀማመር «ኑ ቡና ጠጡ» ነው። ጎረቤት ሲጠራሩ የኖሩበት ነው፣ ማብራሪያ አይፈልግም። ወፍራም ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉት። በጣት እየተከተላችሁ አብራችሁ ደጋግማችሁ አንብቡት። ከዚያ ሦስቱን ቃላት በመቀስ ቆራርጡና ደባልቁ፣ እነሱ መልሰው ይደርድሩ። ቀጥሎ «ቡና»ን ለሁለት ቁረጡት። «ና» ብቻውን ቃል ነው፣ ልጆቻቸውን ሲጠሩበት የኖሩት ቃል። «ኑ»ም እንደዚያው።

አሁን የበ፣ የነ እና የጠ ቤተሰቦችን ዘርዝሩ። ከሦስቱ ብቻ «ቡኒ» ይወጣል፣ «ጠብ» ይወጣል፣ «ጤና» ይወጣል። «ያ»ን አንድ ብቻ ጨምሩበትና «ጤና ጣቢያ» ሆነ! በማግስቱ ልጅ ሊያስከትቡ ሲሄዱ በሩ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ይህን ያነበበ ሰው ለሚቀጥለው ትምህርት ቀስቅሱኝ አይላችሁም።

የቤተሰቦቹን መልክም እግረ መንገዳችሁን አሳዩ። ቡ፣ ኑ፣ ጡ ጎናቸው ላይ ሰረዝ አላቸው። ቤ፣ ኔ፣ ጤ እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው። ይህን ካዩ በኋላ አዲስ ፊደል ስታመጡ ካዕቡንና ኀምሱን (ሁለተኛውንና አምስተኛውን) ራሳቸው ይገምቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካላቸዋል። ሩ እና ፉ ከደንቡ ወጣ ይላሉ፣ ሳድስና ሳብዕም (ስድስተኛውና ሰባተኛው) ወጥ መልክ የላቸውምና እነሱን አንድ በአንድ መልመድ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ እና ሠ ላይ ደግሞ ጊዜ አታጥፉ። አንዱን አስተምሩ፣ ሌላው መንገድ ላይ ሲገጥማቸው «ይህም ያው ነው» ማለት ይበቃል። የጻፉትንም «ይህኛው ሀ አይደለም» እያላችሁ አታርሙ።

ብዙ ሰው የሚያዝበት ቦታ ሳድስ ነው። «ትምህርት» የሚለውን እያንዳንዱን ፊደል ነጣጥለው ይጠሩና ምን እንዳነበቡ አያውቁትም። እናንተ ቀድማችሁ አትጨርሱላቸው። ዝም በሉና ጠብቁ፣ ከዚያ «እስቲ አሁን ቶሎ ብለው ይበሉት» በሏቸው። ጆሯቸው ቃሉን ያውቀዋል፣ ፈጠን ሲሉ ይይዙታል። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው፣ ጽሑፋችን አያሳየውም። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ቃል ብቻውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «አንብቡ» ከማለት ዓረፍተ ነገር ስጧቸው።

ደግሞ ዓይን! አንድ ሰው አልገባው ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዓይኑን ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ቅርብ ያለ ጽሑፍ ቢደበዝዝበት የተለመደ ነገር ነው፣ ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ዓይኑ መድከሙን የሚያውቅበት አጋጣሚ አልነበረውም። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ከያዙ ወይም ቶሎ ራሳቸውን ካመማቸው ዓይናቸውን እንዲታዩ ንገሯቸው። እስከዚያው በትልቁ ጻፉ፣ ማታ ከሆነም ብርሃኑ በቂ ይሁን።

አጠራራችሁ ላይ አትቸኩሉ። እማማ፣ እትዬ፣ ጋሼ፣ አባባ፣ ሰፈሩ በሚጠራቸው ጥሯቸው። በዕድሜ ከሚበልጧችሁ ጋር «እርስዎ» አይጉደል። ሰሌዳ ላይ ወጥተው እንዲጽፉ አታስገድዱ፣ በልጅ ፊት መሳሳት ለብዙዎች ከባድ ነው። የአንደኛ ክፍል መጽሐፍም ባይሆን ይመረጣል፣ ስለ ኳስና ስለ ድመት የሚያወራ ጽሑፍ ልጅ ያሳደገን ሰው አይመጥንም።

ታዲያ በምን እናስተምር? ቤታቸው ውስጥ ባለው። የመድኃኒት ካርቶን፣ የመብራት ቢል፣ የልጅ የክትባት ካርድ፣ ከቴሌብር የመጣ መልእክት፣ የታክሲ መዳረሻ ስሞች። የብር ኖት በጣም ጥሩ ነው፣ መቶ ብሩ ላይ ስንት ብር እንደሆነ በአማርኛ ተጽፏል። ብሩን በመልኩ ያውቁታል፣ ጽሑፉን ግን ቆመው አይተውት አያውቁም። ቁጥር ላይም ከዜሮ አትነሱ፣ ስልክ የሚደውልና ዕቁብ የሚጥል ሰው ሒሳብ በቃሉ ከእናንተ ሊፈጥን ይችላል። የወረዳችሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ፣ ለተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የተዘጋጁ መማሪያዎች ካሏቸው ገንዘብ አታወጡም።

ከሁሉ የምትበልጠው መጽሐፍ ግን የራሳቸው ወሬ ናት። «ዛሬ ገበያ እንዴት ነበር?» በሏቸው። የነገሯችሁን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ቃሉን ሳትለውጡ፣ ሳታሳምሩ ጻፉት። «ቲማቲም ተወዶ ዋለ፣ ሰው ጠይቆ ይሄዳል» ካሉ ይኸው ይጻፍ። የተናገሩት ስለሆነ ሲያነቡት ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቁታል፣ ፊደሉ ያግዛቸዋል። ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ለሚደግሙ ደግሞ መጽሐፉን ግለጡላቸውና በጣት ይከተሉ፣ ያው ዘዴ ነው። ቁርዓን መቅራት (ማንበብ) የተማሩም ፊደልና ድምፅ እንደሚገናኙ ያውቃሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱን ብቻ ያለማምዷቸው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትንሽ ተምረው የረሱም አይጠፉም። ጠይቁ፣ እነሱ ፈጥነው ይመለሳሉ።

ስም መጻፍና መፈረም ሁሉም ይፈልገዋል። በጣት መፈረም የሚያሳፍራቸው ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ቶሎ አስተምሯቸው። ግን አደራ፣ ያላነበቡት ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ አብራችሁ ንገሯቸው። «ያንብቡልኝ፣ ከዚያ እፈርማለሁ» ማለትን ጮክ ብለው ይለማመዱት።

መቅረት ይኖራል። ለቅሶ አለ፣ ገበያ ቀን አለ፣ የታመመ ልጅ አለ። ሰዓቱን እነሱ ይምረጡ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት በቂ ነው። የቀረ ሰው ሲመጣ «የት ጠፉ» ብላችሁ ክፍሉ ፊት አትጠይቁ። ደብተሩን እናንተ ጋ አስቀምጡለትና ካቆመበት ገጽ ቀጥሉ፣ ሌሎቹ ርቀው ከሄዱ ደግሞ ከመካከላቸው አንዷ አጠገቡ ትቀመጥና ታሳየው።