ከእርግዝና በፊት ያሉት ሦስት ወራት

በባሕር ዳር አዋላጅ ነርስ ነኝ። አብዛኞቹ እናቶች ወደ እኔ የሚመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ባልና ሚስት «ልጅ እንውለድ» ብለው ገና ሲመክሩ ባገኛቸው እወዳለሁ።

ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በኔዘርላንድ ብርቱ ረሀብ ነበር። በዚያ ወቅት የተጸነሱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሲመረመሩ፣ እድገትን ከሚመሩት ዘረመሎች በአንዱ ላይ ያለው፣ ዘረመሉ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስነው ኬሚካላዊ ምልክት በረሀቡ ጊዜ ካልተጸነሱት ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሰውነት ስኳርንና ስብን የሚይዝበት መንገድ ከጽንሱ ጊዜ ጀምሮ ሊቃኝ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድማችሁ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን መውሰድ ጀምሩ። ይህ ቫይታሚን የሚያስፈልገውና ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የጽንሱ የነርቭ ቱቦ ከተጸነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ያኔ ብዙዎቻችሁ ማርገዛችሁን እንኳ አታውቁም። የደም ስኳር፣ የደም ግፊትና የደም ማነስ ተመርመሩ። ስኳር ያለባት ሴት ስኳሯን ሳታስተካክል አትጸንስ፤ በዚህ አልደራደርም።

ጎመን ስትቀቅሉ ውኃውን አትድፉት። ፎሌቱ፣ ማለትም በምግብ ውስጥ ያለው ያው ቫይታሚን፣ የሚሟሟው እዚያ ነው፤ በጥቂት ውኃ አብስሉትና ከነመረቁ ብሉት። ምስርና ሽምብራ በጾምም አይጓደሉ፤ ከጣና የወጣ ትኩስ ዓሣ ሲገኝ ደግሞ በደንብ ይብሰል።

ባሎችም አድምጡኝ። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ሲጋራውንና አረቄውን ከሦስት ወር በፊት ተዉ፤ ለምርመራም ሚስታችሁን ብቻዋን አትላኩ፣ አብራችሁ ኑ።