መብራት ቢሄድም ትእዛዙ አይቋረጥ

ሰርቨር በትእዛዝ መስመር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ረጅም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቲመክስን ክፈቱ፤ ግንኙነት ቢቋረጥም ትእዛዛችሁ እንዲቀጥል የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ አንድ ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ነው። የዳታቤዝ ማሻሻያው ግማሽ ሲደርስ መብራት ሄደ፤ ዋይፋዩም ተከተለው። ላፕቶፔ ባትሪ ነበረው፣ ግን ምን ዋጋ አለው? ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘኝ የኤስኤስኤች መስመር ሲበጠስ ባሕር ማዶ ባለው ሰርቨር ላይ ይሄድ የነበረው ትእዛዝም አብሮ ቆመ። ግማሹ ሠንጠረዥ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ። ሌሊቱን ስጠግን አደርሁ።

ቲመክስ የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ እንጂ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ስላልሆነ መስመሩ ቢቆረጥም ሥራው ይቀጥላል። ሰርቨሩ ውስጥ እንደገባችሁ ቲ፣ ኤም፣ ዩ፣ ኤክስ (tmux) ብላችሁ ጻፉና ማሻሻያውን እዚያ ውስጥ አስነሡ። ትታችሁት ለመውጣት ኮንትሮልንና የ«ቢ» (b) ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ሁለቱንም ልቀቁ፤ ከዚያ የ«ዲ» (d) ፊደልን ብቻ ንኩ። ኮንትሮልን ሳይለቅ ዲን እየደበደበ «አልሠራም» የሚል ባልደረባ አለኝ።

መብራቱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በስልካችሁ ኢንተርኔት ተመልሳችሁ ግቡና ከቲመክስ ስም ቀጥሎ «አታች» የሚለውን በላቲን ፊደል (tmux attach) ጨምሩ። ስክሪኑ በሌላችሁበት ጊዜ የሠራውን ይዞ ይጠብቃችኋል።

ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ከተነሣ ግን ቲመክስም የለም፤ ለዚያ ቀን የዳታቤዙን ቅጂ አስቀድማችሁ ያዙ።