ስለ ተፈጥሮ የሚመራመር የፎቶግራፍ መጽሐፍ አዘገጃጀት

ያማሩ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎችን መርጦ መጠረዝ አልበም ያስገኛል እንጂ ስለ ተፈጥሮ የሚመራመር መጽሐፍ አያስገኝም። ልዩነቱ የሚጀምረው ካሜራ ከመነሣቱ በፊት በሚያዘው ጥያቄ ነው። «ተፈጥሮ ምንድን ነው?» የሚለው ለፎቶግራፍ እጅግ ሰፊ ሲሆን፣ «የሰው ሥራ አብቅቶ ተፈጥሮ የሚጀምረው የት ላይ ነው?» የሚለው ግን በዓይን የሚታይ ወሰን እንድንፈልግ ያስገድደናል።

ለዚህ ጥያቄ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚያህል ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በዙሪያቸው ያለው መሬት ለእርሻና ለግጦሽ ሲውል ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው የተረፉት ሰው ስለራቃቸው ሳይሆን ምእመናኑና ካህናቱ እንደ ቅዱስ ቦታ ስለጠበቋቸው ነው፤ ስለዚህም «የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ» የሚባለው ሐሳብ እዚህ ይፈተናል። በእነዚህ ደኖች ላይ ለዓመታት የሠሩት ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆነው በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል፤ ካቡ ከብት እንዳይገባና ቡቃያ እንዳይረገጥ ይከላከላል። ለፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ ይህ ካብ ጥያቄው ራሱ በድንጋይ ተሠርቶ የቆመበት ቦታ ነው።

ሥራው የሚጀመረው የደብሩን አስተዳዳሪ በማነጋገርና የመጽሐፉን ዓላማ በግልጽ በማስረዳት ነው። ከዚያም ካቡ፣ እርሻውና ደኑ በአንድነት የሚታዩበትን ቦታ መርጦ በመስከረምም በየካቲትም ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሌንስ ማንሣት ይገባል። በመስከረም ማሳውም ደኑም አረንጓዴ ስለሚሆኑ ወሰኑ ይደበዝዛል፤ በየካቲት ግን ማሳው ደርቆ አፈር ሲመስል የደኑ ጠርዝ በቢላ የተቆረጠ ያህል ጎልቶ ይወጣል። ወሰኑ ጽኑ ነው ወይስ እንደየወቅቱ የሚለዋወጥ? ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢው ይህን ራሱ ይጠይቃል።

የመጽሐፉ አስተሳሰብ በዋናነት የሚገለጸው በእነዚህ ትይዩ ገጾች ነውና ጊዜው በብዛት እዚህ ላይ ቢውል ይገባል። የተሰነጠቀ የጥድ ቅርፊትን ከሽማግሌ እጅ ጋር ማጣመር ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፤ መመሳሰሉን ዓይን ወዲያው ስለሚጨርሰው ለሐሳብ ቦታ አይተርፍም። በአንጻሩ በግራ ገጽ እስከ ካቡ ሥር የታረሰውን መሬት፣ በቀኝ ገጽ ደግሞ ከካቡ ወዲያ የበቀለውን የወይራ ችግኝ በእኩል ርቀትና ከፍታ አንሥቶ ማስቀመጥ አንባቢውን ያቆየዋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሰው ሥጋ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደተገኘ ይናገራል፤ ይህንም ሐሳብ መከተል ይቻላል። ነገር ግን መጽሐፉን በአራቱ ስም በአራት ምዕራፍ ከመክፈል ይልቅ የዕጣኑን ጢስና የማለዳውን ጉም አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያለ ርእስ መተው፣ በእኔ እምነት፣ ትምህርቱን የበለጠ ያከብራል።

ቅደም ተከተሉን ለመወሰን ፎቶግራፎቹን በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሞ ወለል ላይ መደርደር ከኮምፒውተር ስክሪን እጅግ ይሻላል። ቢወጣ ጉድለቱ የማይታወቅ ምስል፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መቅረት አለበት። የቦታና የዛፍ ስሞች በመጨረሻ ገጾች ቢሰበሰቡ ከየምስሉ ሥር የሚጻፍ ማብራሪያ ንባቡን አያቋርጥም።

ለኅትመት 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚኖረው ምስል በኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም ወደ 2,835 ፒክስል ስፋት ያስፈልገዋል። በሁለት ገጽ ላይ የሚዘረጋ ምስል ዋና ነገሩ ከመሐል እጥፋቱ ራቅ ማለት አለበት፤ በሙጫ በተጠረዘ መጽሐፍ እጥፋቱ ብዙውን ስለሚውጠው በክር የተሰፋው ይመረጣል። የማያብለጨልጭ ወረቀት ለደን ምስል የሚስማማ ቢሆንም ቀለም ስለሚመጥ ጥላማው አረንጓዴ ወደ ጥቁር ያደላል። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ ሙሉውን ከማተሙ በፊት በዚያው ወረቀት የጨለማ ምስሎችን ናሙና እንዲያወጣ መጠየቅ፣ ናሙናውንም በቀን ብርሃን ማየትና አስፈላጊ ከሆነ ምስሎቹን አፍክቶ መመለስ ይገባል።