የነርቭ መድኃኒት ጀምራችሁ በሦስተኛው ቀን አትጣሉት
ድሬዳዋ ውስጥ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የነርቭ ሕመም ያለበትን ሰው ማዘዣውን ሳላይ በንግግሩ አውቀዋለሁ። «እግሬን እሳት ይለበልበኛል»፣ «ጉንዳን ይሄድብኛል»፣ «አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም» ይላል። ብዙዎቹ ስኳር ያለባቸው ናቸው። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው፣ ቁስሉ ድኖ ሕመሙ አልለቅ ያላቸውም አሉ።

አምና ሰኔ ላይ አንድ የመጋላ ልብስ ሰፊ መጡ። ከሸሚዛቸው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ ፈቱት። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የነርቭ ሕመም ኪኒን ነው። 30 ፍሬ ሰጥቻቸው 27ቱ እንዳለ አለ። «አቦ ልጄ፣ ይሄ ምን መድኃኒት ነው? አፌን እንጨት አደረገው። ጠዋት ሲንጀሩ ላይ እያንቀላፋሁ ጣቴን ልሰፋው ነበር። እግሬ እንደሆነ ያው ነው። ዲክሎፌናክ መርፌ ስጪኝና ልገላገል» አሉኝ።

ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። በጣም የምናደደው በሰዎቹ አይደለም፤ አስቀድሞ የነገራቸው ባለመኖሩ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ልንገራችሁ። በእነዚህ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ማስታገሱ ዘግይቶ ይከተላል። አፍ መድረቁ፣ ድብታው፣ ማዞሩ የመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ሕመሙ ቀለል ማለት የሚጀምረው ግን ብዙ ጊዜ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊንን በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ማታ ማታ አስጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ያደርገዋል። «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ለማለት በበቂ መጠን ከ6 እስከ 8 ሳምንት መታየት አለበት። ሌላው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ጋባፔንቲንም እንደዚያው ነው። 300 ሚሊግራም መነሻ ነው፤ ብዙ ሰው ለውጥ የሚያየው በቀን ለሦስት ተከፍሎ 1,800 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። አንድ ካፕሱል ውጦ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ገና በሩን አላለፈም።

ለሰውየው ዲክሎፌናኩን አልሰጠኋቸውም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለእብጠትና ለቁስል ሕመም ናቸው። እዚህ የተጎዳው ራሱ ነርቩ ስለሆነ ብዙም አይረዱም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ኩላሊቱን ሊጎዱበት ይችላሉ። ኪኒኑን ሊተኙ ሲሉ ከሚውጡት ማታ 2 ሰዓት ላይ እንዲውጡት ነገርኳቸው፤ እንዲህ ሲሆን የጠዋቱ ድብታ ይቀንሳል። ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጎንጩ፣ ሐኪምዎንም ይመለሱና ያነጋግሩ አልኳቸው። ከወር ከምናምን በኋላ መጡ። «ሌሊት አንዴ ነው የሚቀሰቅሰኝ» አሉ። ድሮ አራት አምስት ጊዜ ይነሱ ነበር።

ሕመሙ ድርግም ብሎ እንዲጠፋ መጠበቅም ስህተት ነው። ከ10 ሰባት የነበረው ሕመም ወደ አራት ከወረደ፣ እንቅልፍም ከመጣ፣ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው።

ስልካቸው ላይ «አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው» የሚል አንብበው «እኔ እብድ አይደለሁም» ብለው የሚመልሱ አሉ። እውነት ነው፣ ለድብርትም ይሰጣል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው ግን በአነስተኛ መጠን ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄደውን የሕመም መልእክት ያረግበዋል። ሐኪሙ ስለ አእምሯችሁ ተጠራጥሮ አይደለም የጻፈላችሁ።

አሁን ወደ በርጫው። እኛ አገር ይህን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ጫት ልብን ያስሮጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አሚትሪፕቲሊንም አፍና ሆድ ያደርቃል፣ የልብ ምትንም ይጨምራል። ሁለቱ ሲደራረቡ «መድኃኒቱ ገደለኝ» ይባላል። ከሁሉ የምፈራው ጨብሲውን ነው። ምርቃናውን ለመስበር አልኮል ጠጥቶ፣ በላዩ ጋባፔንቲን ወይም የእሱን ዘመድ ፕሪጋባሊን ውጦ የሚተኛ ሰው ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። እባካችሁ ቢያንስ ለሐኪሙ «እቅማለሁ» በሉት። አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሙቀቱም አለ። አሚትሪፕቲሊን ላብ ይቀንሳል። በግንቦት ቀትር ቀፊራ ገበያ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ላብ ካልወጣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ጥላ ፈልጉ፣ ውኃ ያዙ።

አንዱን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንዲት እናት አሚትሪፕቲሊን ሰጥቼ «ማታ አንድ» ብቻ አልኳቸው። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ድንገት ሲነሱ ዞረባቸውና ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጃቸው መጥታ «አልነገርሻትም እኮ» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰው እናገራለሁ፦ ስትነሱ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ፣ እስከ 30 ቁጠሩ፣ ከዚያ ቁሙ። ሽንት የሚያስቸግራቸው አባቶችና ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ያለባቸው ደግሞ ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪሙ ይናገሩ። ባጃጅ የምትነዱ፣ ድብታው እስኪታወቅ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መሪ አትያዙ።

ጋባፔንቲንን ወይም ፕሪጋባሊንን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ አደጋ አለው። ላብ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሲብስም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ለሠርግ ሐረር ስትሄዱ ኪኒኑን ቤት አትርሱት። ማቆም ከፈለጋችሁ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያወርድላችኋል።

የጎረቤትን ካፕሱል አትዋሱ። ጋባፔንቲን የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ለጎረቤታችሁ የሚስማማው መጠን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ብዙ ነው። የጨጓራ ሽሮፕ የምትጠጡ ከሆነ ሽሮፑን ከጠጣችሁ 2 ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጋባፔንቲኑን ውሰዱ። አሚትሪፕቲሊን እየወሰዳችሁ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ አትደርቡ።

ፊት ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ለሚነዝር ሕመም ካርባማዜፒን የታዘዘላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው ወይም አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ ቀጣዩን ኪኒን አትዋጡ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።