ጎረቤት መቃብር ሊሆን ነው ሲባል፦ ከውጭ ሆኖ ቤት መሸጥ

ታናሽ ወንድሜ በቪዲዮ እያወራን ስልኩን ወደ ጓሮ አዞረው። ከአጥራችን ሰላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ባህር ዛፉ መሃል፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ቆሟል። ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ። «ምንድነው?» አልኩት። «የመቃብር ቦታ ሊሆን ነው ይላሉ» አለኝ። ችካሉ ከተተከለ ሦስት ወር አልፎታል። እንዳልጨነቅ ብሎ ነው ያልነገረኝ።

ውጭ ላለን ሰዎች ክፉ ወሬ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰን። እሱም ለስልሶ። በስማችሁ ያለውን ቤት ለመሸጥ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ቤተሰብን «ምንም አትደብቁኝ» ብላችሁ አጥብቃችሁ ለምኑ።

ከዚያ ወሬውን ከፕላኑ ለዩ። አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወሰነው በመዋቅራዊ ፕላኑና በሥሩ ባሉት የአካባቢ ልማት ፕላኖች ነው። ሰፈርተኛው የሚያወራውና ወረቀቱ ላይ ያለው አንዳንዴ ጨርሶ አይገናኙም። ወኪላችሁ የካርታውን ኮፒ ይዞ ክፍለ ከተማ ይሂድ። ቦታው በእርግጥ ለመቃብር ተይዟል ወይ? ወሰኑስ የት ላይ ነው የሚያርፈው? ብሎ ይጠይቅ። ሰው የሚረሳው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ወደ መቃብሩ የሚያስገባው መንገድ በየት ነው የሚያልፈው? እኛ ቤት ነገሩን የለወጠው ይሄ ነው። መቃብሩ አልነካንም። መንገዱ ሲሰፋ ግን የፊት አጥራችንን ይነካል። የተነካ ይዞታ ነገሩ ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ የካሳ ጉዳይም ነው፤ በአዋጅ 1161/2011 የሚታይ። ይህን ሳያውቁ ዋጋ መጥራት በጨለማ መደራደር ነው። መልሱንም በቃል አትቀበሉ፤ በደብዳቤ ወይም ማህተም ባለው ወረቀት ይሁን።

ስለ ውክልናው ልንገራችሁ። ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ። የሰጠሁት ውክልና «እንዲሸጥ» ይላል እንጂ «የፕላን መረጃ እንዲጠይቅ» አይልም ተባለ። እንደገና ኤምባሲ ሄጄ መቆም ነበረብኝ። እናንተ አንዴ ስትጽፉ ሁሉንም ጻፉ፦ መሸጥ፣ ውል መፈረም፣ ስም ማዞር፣ ግብር መክፈል፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅና መቀበል። የቤት ቁጥሩና የካርታ ቁጥሩም ይግባ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ነው የሚያስፈልገው። ከኤምባሲ የወጣው ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። ያገባችሁ ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ ባል ወይም ሚስት መስማማት አለባቸው። ያላገባችሁ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ አዘጋጁ፤ ብዙ ሽያጭ የሚጓተተው በዚህች ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ደላላው «ወሬው ሳይሰፋ ቶሎ እንገላገለው» አለኝ። አላደረግኩትም። እናንተም አታድርጉት። ሕጉ እያወቀ ጉድለት ለደበቀ ሻጭ አይራራም፤ ውሉ በማታለል ምክንያት ሊፈርስ ይችላል። እናንተ ደግሞ ችሎት ለመቆም አገር ውስጥ የላችሁም። ከሕጉ በላይ ግን ገዢዋን አስቡ። አረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች ዓመታት ያጠራቀመች እህት ልትሆን ትችላለች። እሷም እንደኛ ከሩቅ ነው የምትገዛው፤ ጓሮውን ዞራ አታይም።

ስለዚህ ተናገሩ፣ በውሉ ላይም አስፍሩት። እኔ ያስገባሁት ይህን ነው፦ «ገዢ ከቤቱ በስተጀርባ ለመቃብር አገልግሎት የተያዘ ቦታ መኖሩን፣ በፊት ለፊቱም መንገድ እንደሚሰፋ አውቆ፣ የፕላን መረጃውን ተመልክቶ ገዝቷል።» እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ገዢንም ሻጭንም ያስተኛል።

ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ይህ ሁሉ ይለቅ። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን ነው የሚመልሰው። ወረቀታችሁ ሳይሟላ ቀብድ ከያዛችሁ፣ በኋላ በችኮላ ትፈርማላችሁ።

ዋጋው ይቀንሳል? ይቀንሳል፤ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። መቃብር አጠገብ በነፃ ቢሰጡትም የማይገባ ሰው አለ፣ ክፉ አትበሉት። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነም ገዢ ስለ ውሃው ቢጠይቅ ትክክል ነው። ግን ሁሉም አይሸሽም። በጓሮ በኩል ፎቅ እንዳይበቅልበት የሚፈልግ አለ። ፕላኑ ንግድ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ሐውልት የሚጠርቡ፣ አበባና ጧፍ የሚሸጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። የኛን የገዙት ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ሴትየዋ ጓሮውን ዞረው አይተው፣ ችካሉን በእጃቸው ነክተው፣ «ይሄ ጎረቤት ሙዚቃ አይከፍትም፤ ለኔ ይሆነኛል» አሉ። ሦስት ገዢ ሸሽቶ ነበር፣ አራተኛዎቹ ናቸው።

ክፍያው በእናንተ ስም በተከፈተ የባንክ አካውንት ይግባ፣ በወኪል አካውንት አይሁን። ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ነገ ጥያቄ ቢነሳ እሱንም የሚያድነው የባንክ ወረቀቱ ነው። ስሙ ዞሮ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ውክልናውን ሻሩ። እኔ በዚያው ሳምንት ኤምባሲ ተመልሼ ሻርኩት፣ ኮፒውን ለወንድሜ ላክሁለት። «ተገላገልኩ» ብሎ መለሰልኝ።