የሽንት ፊኛ ላይ መርፌ ተወግቼ ለምን አልተሻለኝም? ችግርና መፍትሄው

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ስሄድ ግማሽ መንገድ ላይ «ወራጅ አለ!» እል ነበር። የምወርደው ሽንት ቤት ያለው ካፌ ሳይ ነው። የሰፈር ሰው «ብርድ መቶሽ ነው» አለኝ። ብርድ አልነበረም፤ ፊኛዬ ሳይሞላ እየተኮማተረ ነው የሚያጣድፈኝ። የታዘዘልኝ ኪኒን አልረዳኝ ሲል ቦቶክስ የሚባለውን ጡንቻ የሚያላላ መርፌ ተወጋሁ። በሽንት መውጫ በኩል ካሜራ ባለው ቱቦ ገብተው 100 ዩኒቱን (ዩኒት የመድኃኒቱ መለኪያ ነው) ፊኛው ጡንቻ ላይ ወደ 20 ቦታ ከፋፍለው ነው የሚወጉት። ከዚያ በኋላ የሚያደናግሩት እነዚህ ናቸው።

ሳምንት ሆነኝ፣ ለውጥ የለም

መድኃኒቱ ነርቭ ጡንቻውን «ተኮማተር» የሚልበትን መልእክት ያግዳል። ጊዜ ይፈልጋል። እስከ 2 ሳምንት ታገሱት።

ያቃጥላል፣ ሽንቱም ቀላ ብሏል

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ከሆነ የመርፌው ቁስል ነው፤ ውሃ ጠጡ። ማቃጠሉ ከቀጠለ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ኢንፌክሽን ጠርጥሩ። ከዚህ መርፌ በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነው። ሽንት ተመርምሮ በታዘዘ መድኃኒት ይታከማል። ከፋርማሲ በግምት አትግዙ።

ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው

እኔን የሸወደኝ ይሄ ነው። በ10ኛው ሌሊት ስድስት ጊዜ ተነሳሁ፤ በየጊዜው ጠብ ጠብ ብቻ። «መርፌው ከሸፈ» ብዬ ውሃ መጠጣት ተውኩ። ጠዋት ከእምብርቴ በታች እንደ ከበሮ ተወጥሯል። በአልትራሳውንድ ሲታይ ፊኛዬ ጢም ብሎ ሞልቷል። ለካ መርፌው አልከሸፈም፤ ከሚገባው በላይ ሠርቶ ጡንቻው ሽንቱን ገፍቶ ማስወጣት አቅቶታል። ጠብ ጠብ ይል የነበረው ከሞላው ፊኛ ተርፎ የሚፈሰው ነበር።

መፍትሄው ካቴተር ነው። የመድኃኒቱ ኃይል እስኪቀንስ ድረስ በቀን የተወሰነ ጊዜ ራስን በቀጭን ቱቦ ማስሸናት። ስሙ ያስፈራል፤ በሦስተኛው ቀን ለመድኩት። በኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ለእጅ መታጠቢያ አንድ ጀሪካን ለብቻ አስቀምጥ ነበር። በጥናት ላይ ከ100 ታካሚ 6 ያህሉ ካቴተር አስፈልጓቸዋል። ስለዚህ ሳትወጉ በፊት «ካስፈለገ ራሴን አስሸናለሁ ወይ?» ብላችሁ አስቡ። በ2 ሳምንት ውስጥም ከሸናችሁ በኋላ ፊኛው ውስጥ ስንት እንደሚቀር አስለኩ።

ጭራሽ አልወጣ ካለና ሆድ ካመመ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከከተማ ዳር ሌሊት ታክሲ ስለማይገኝ መኪና ያለውን ጎረቤት አስቀድማችሁ አነጋግሩ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረም እንደዚሁ፤ እምብዛም አያጋጥምም እንጂ ቀልድ አይደለም።

ተሽሎኝ ነበር፣ ተመለሰብኝ

ኃይሉ አልቆ ነው። ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ያገለግላል። መድገም ይቻላል፤ ግን ቢያንስ 12 ሳምንት ማለፍ አለበት። እኔ ጥቅምት ተወግቼ እስከ መጋቢት ደህና ነበርኩ። ሚያዝያ ላይ እንደገና «ወራጅ አለ!» ማለት ስጀምር ቀጠሮ ያዝኩ።